ጉዳይ የሌለው እንግዳ

በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ብዙ ዘመን የተቀመጠ ሰው የሚለምደው አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም በር ከፍቶ የሚገባውን ሰው ፊቱን ሳይሆን እጁን ማየት ነው። ማመልከቻ ይዞ እንደ ሆነ ለማወቅ ነዋ! እኔም በዚህ ልማድ ስኖር አንድ ማለዳ፣ ቀድሞ በእኛ ዘንድ በተላላኪነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ገቡ። ቀና ሳልል፣ «ምን ጉዳይ አለዎት?» አልኋቸው።

«ጉዳይስ የለኝም፤ በዚህ ሳልፍ እንዴት አደሩ ሳልልዎት መሄዱ ቢከብደኝ ነው» አሉና እጅ ነሥተው ወጡ። ይቀመጡ እንኳ አላልኋቸውም ነበር።

ቀኑን ሙሉ ሐፍረት ተሰማኝ። ያሳፈረኝ ግን ለሽማግሌው ያጓደልሁት አክብሮት ብቻ አልነበረም፤ እኔ ራሴ በእግዚአብሔር ፊት እንዲህ ያለ ጉዳይ ገብቼ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። የመጨረሻዪቱ ልጄ በሳንባ ምች ታማ ሐኪም ቤት በተኛች ጊዜ ዘጠኝ ሌሊት ዳዊት ስደግም አድሬአለሁ፤ ስእለትም ተስያለሁ። ልጅቱ ድና ቤቷ በገባች በሳምንቱ ግን ዳዊቱ ወደ ማኅደሩ፣ ማኅደሩም ግድግዳው ላይ ወዳለው ችንካር ተመለሰ። ስእለቴንስ አላስቀረሁም፤ ጥላውን ገዝቼ ለደብሩ አግብቻለሁ። ካገባሁም በኋላ ዕዳውን ከፍሎ ደረሰኙን እንደ ተቀበለ ነጋዴ ቀልሎኝ ሄድሁ።

አባቶቻችን ሥርዓቱን ሲሠሩ ይህን የሰው ጠባይ ያወቁት ይመስለኛል። ጸሎትን በመከራ ቀን ላይ ሳይሆን በሰዓትና በዕለት ላይ አቆሙት። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ብለው በቀን ሰባት ጊዜ ወሰኑ። ውዳሴ ማርያም ከሰኞ ጀምሮ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል፤ የዳዊት 150 መዝሙራትም ዐሥር ዐሥሩ አንድ «ንጉሥ» እየተባለ በ15 ንጉሥ ተመድቧል። ሰው ቢያዝንም ቢደሰትም የማክሰኞው ድርሻ ማክሰኞ ይጠብቀዋል።

እኔም ሰባቱን ሰዓት እጠብቃለሁ ብዬ ተነሣሁና በሦስተኛው ቀን ወደቅሁ። ዛሬ የያዝሁት በነግህ አንድ ንጉሥና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ብቻ ነው። (አንባቢ ሆይ፣ የምመካ አይምሰልህ፤ ከንፈሬ መዝሙሩን ሲደግም ጆሮዬ የሞባይል ስልኬን ጥሪ የሚጠብቅበት ቀን ብዙ ነው።) በመጀመሪያ ያስቸገረኝ ድርሻው ከሐሳቤ ጋር አለመግጠሙ ነበር። ደስ ብሎኝ በተነሣሁበት ማለዳ የተጨነቀ ሰው እሮሮ ይደርሰኛል፤ ጠላት እንደ ከበበው ሰው እንድጮኽ እታዘዛለሁ። በልኬ ያልተሰፋ ልብስ የለበስሁ ይመስለኝ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ያ ልቅሶ ዛሬ የእኔ ባይሆን የሌላ ሰው እንደሚሆን ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው መዝሙር ሲደርሰኝ ከቢሮዬ ደጅ በአግዳሚው ወንበር ላይ የሚጠባበቁትን ሰዎች አስባለሁ። ስንቱ ከሩቅ አገር መጥቶ ነገ ተመለስ ያልሁት ነው!

ሽማግሌውን ዳግመኛ በመሥሪያ ቤታችን አላየኋቸውም። ስለዚህ ሰፈራቸውን ጠይቄ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ጌታዬ፣ በደኅና? ስለ ጡረታዬ የመጣ ነገር አለ?» አሉ።

«ምንም የለም፤ እንዴት ዋሉ ልልዎት ነው የመጣሁት» አልኋቸው።

አስገብተው አስቀመጡኝ፤ ቡናም ተፈላ። ነገር ግን ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ዓይናቸው ከደረት ኪሴ አልተነሣም፤ ከዚያ ደብዳቤ የማወጣ መስሏቸው።