የኢንቴል ካርድ ሰቆጣ አይደርስም

ጥር ላይ ሰቆጣ ውስጥ እንቅልፍ የሚያጣው ሙሽራው ብቻ አይደለም። ቪዲዮ ኤዲተሩም አብሮ ያጣል። ዓቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ይዳራል፤ ሳምንት ሳይሞላ የሙሽራዋ እናት «ልጄ፣ ቪዲዮው የት ደረሰ?» እያሉ ደጅ መመላለስ ይጀምራሉ።

ልጁ ያለው አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ የተገዛ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፤ ግራፊክሱ እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ነው። አንድ ሰርግ ሬንደር ለማድረግ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። መብራት ከሄደ ደግሞ ከዜሮ ይጀመራል። በጦርነቱ ጊዜ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ኔትወርክ ለቆየ የዋግ ኽምራ ሰው የአንድ ሌሊት መጥፋት ብርቅ አይደለም፤ ሥራን ግን ያበላሻል። ስለዚህ ልጁ ሥራውን የሚያፈጥንለት ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ብር አጠራቀመ። ኢንቴልም ርካሽ ካርድ ማውጣቱን ሰማ።

እዚህ ላይ ነው የአንድ ሰው ግዢ ከትልቁ ዓለም ጉዳይ ጋር የሚገናኘው። በተናጠል በሚሸጠው የግራፊክስ ካርድ ገበያ ኤንቪዲያ ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ ይዟል። ኤኤምዲ ይከተላል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ኤቲአይን በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ የገባበት ገበያ ነው። ኢንቴል ግን በዚህ ገበያ ቢፈለግም የሚገኝ አይመስልም። የሚገርመው፣ ፕሮሰሰር ውስጥ የሚገባው ከተቆጠረ በዓለም ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት ያለው ግራፊክስ የኢንቴል መሆኑ ነው። የልጁም ዴስክቶፕ ምስክር ነው።

ሙከራው ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. አይ 740 የሚባል ካርድ አወጣ፤ በዓመቱ ተወው። ከአሥር ዓመት በኋላ ላራቢ ብሎ ትልቅ ተስፋ አወራ፤ በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. ለተራው ገዢ ሳይደርስ ሰረዘው። በ2017 የኤኤምዲን የግራፊክስ ኃላፊ ራጃ ኮዱሪን አስመጣና እንደገና ጀመረ። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ለተወ ድርጅት በሦስተኛው ማን ያምነዋል? ድክመቱ የመሐንዲስ እጥረት አልነበረም፤ ችኩልነት ነው። ይህ ሥራ አሥር ዓመት እየከሰሩ መቆየትን ይጠይቃል፤ ኢንቴል ደግሞ በፕሮሰሰር ትርፍ የለመደ ነው።

አርክ የተባለው ካርድ ሲደርስ ጊዜው አልፏል። በ2021 እ.ኤ.አ. በክሪፕቶ ማይኒንግና በቺፕ እጥረት ምክንያት ሰው የትኛውንም ካርድ በእጥፍ ዋጋ ይገዛ ነበር። ያኔ ቢደርስ ኖሮ እንከኑ ሁሉ ይታለፍለት ነበር። ነገር ግን በመስከረም 2022 ኢተሪየም በካርድ መቆፈርን አቆመ፤ ገበያው ባገለገሉ ካርዶች ተጥለቀለቀ። አርክ ኤ 770 በ329 ዶላር ለሽያጭ የቀረበው በጥቅምት 12 ነው፤ የኤንቪዲያ 4090 በወጣበት በዚያው ቀን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

በዚያ ላይ ሶፍትዌሩ አልበሰለም ነበር። ድራይቨሩ አዳዲስ ጌሞችን ሲችል አሮጌዎቹ ላይ ይንገዳገድ ነበር። ኢንቴል በየወሩ እያረመ በጣም አሻሻለው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ቢሆንም በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር እርማት በሞባይል ዳታ ማውረድ ለሰቆጣ ሰው ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባለው ነገር ነው። ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በቁራጭ ሳይሆን በሙሉ እንዲያየው የሚያደርግ አሠራር ነው። አርክ ያለ እሱ፣ በተለይ በጌም፣ አቅሙ በእጅጉ ይወርዳል። ኢንቴል አሥረኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ የሌላችሁ ሌላ ካርድ ግዙ ብለው የመከሩት የራሱ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ርካሽ ካርድ የሚፈልገው አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ነው፤ ርካሹ ካርድ ደግሞ አዲስ ኮምፒውተር ይፈልጋል።

በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ቢ 580 በ249 ዶላር ወጣና ከሃያሲዎች ጥሩ አቀባበል አገኘ። ከኤ 770 በ80 ዶላር ይረክሳል። በብር ሲታይ ግን ሌላ ነው። ኤ 770 ሲወጣ ዶላር በባንክ 53 ብር ገደማ ነበር፤ ካርዱ ከ17 ሺህ ብር ብዙም አይበልጥም። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቢ 580 ሲወጣ፣ ዶላር ከ120 ብር አልፏል፤ ርካሹ ካርድ 30 ሺህ ብር ገባ። ቀረጥና ማጓጓዣ ገና አልተነካም።

በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤንቪዲያ ራሱ ኢንቴል ላይ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያፈስ አስታወቀ፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከኤንቪዲያ ግራፊክስ ጋር በአንድ ላይ ሊሠራ ነው። ኢንቴል የራሱን ግራፊክስ አልተውም ብሏል። ሁለት ጊዜ የተወ ሲለው ግን ገዢው ጆሮውን ይጠራጠራል።

ልጁ ይህን ሁሉ አላሰላም። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛው ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 አገኘለት፤ የ2019 የኤንቪዲያ ካርድ ነው፣ 75 ዋት ብቻ ስለሚበላ የዴስክቶፑን ፓወር ሰፕላይ አያስቀይርም። በአውቶቡስ ተላከለት። ትክክለኛ ምርጫ ነበር። እንዲህ ዓይነት ትክክለኛ ምርጫ በየከተማው ሲደጋገም ግን ሦስተኛ አምራች የሚባል አይኖርም፤ ሻጭ አንድ ሲሆን ዋጋውን ማን እንደሚቆርጠው ስኳርና ዘይት ሲጠፋ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ካርዱ ገብቷል። ሬንደሩም ፈጥኗል። አሁን የቀረው ዩፒኤስ ነው፤ የሙሽራዋ እናት ደግሞ ዛሬም በጠዋት መጥተዋል።