አንድ ጥቅል ክር

መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሼዱ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይፈተሽ ነበር። ኪስ ይዳበሳል፣ ቦርሳ ይገለበጣል። አንድ ማታ ከፊቴ የነበረች የስፌት ሠራተኛ ከሹራቧ ኪስ አንድ ጥቅል ክር ተገኘባት። የተተረተረ ቀሚሷን ልትጠቅምበት ነበር። ጥበቃዋ ክሩን ቀማቻትና ጠርዙ በተበላ መዝገብ ላይ ስሟን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች፤ ብዛት፦ 1። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሄደች። እኔ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ በኪሴ ይዤ፣ “ኢንጂነር፣ ደህና እደር” ተብዬ አለፍኩ።

ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ነው፤ 15 ሼዶች፣ 100 ሚሊዮን ዶላር፣ ተቋራጩ ቻይናዊ። ሥራ ፍለጋ ያልጎረፈ የከተማው ወጣት አልነበረም። እኔም የኔትወርክ ባለሙያ ተብዬ ገባሁ፤ ባለሙያ ማለት እንግዲህ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠራ ሰው ነው።

ሥራውን ገና ሳልለምደው፣ ጥር 2010 ላይ፣ የፈረንሳዩ ለ ሞንድ የአፍሪካ ኅብረትን ጉድ አወጣ። ከ2004 ጀምሮ ለአምስት ዓመት፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት፣ ቢሮው ኦና በሆነበት ሰዓት፣ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት መረጃ ወደ ሻንጋይ ይጋዝ ነበር ሲል ጻፈ። ሕንፃው ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ የሰጠችው ነው። ቻይና አስተባበለች፤ በወቅቱ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪም ክሱን አጣጣሉት። እንደ ጋዜጣው ዘገባ ግን ኅብረቱ የራሱን ሰርቨሮች ገዛ፣ ቻይና ላዋቅርላችሁ ብትል እምቢ አለ። ሌባ ላልገባበት ቤት ቁልፍ የሚቀይር ማን ነው?

የጓሮ በር የሚባለው የስለላ ሶፍትዌር ከገባ በኋላ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥና ከውስጥ ወደ ውጭ ይደውላል። ፋየርዎል ከደጅ የሚያንኳኳውን ይጠረጥራል እንጂ ከቤት የሚወጣውን ብዙውን ጊዜ እንደ ቤተሰብ ቆጥሮ ያሳልፈዋል። መያዣው ታዲያ ረቂቅ ጥበብ አይደለም፤ ምን ያህል ወጣ፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት ብሎ መመዝገብ ነው። ማንም በሌለበት ሕንፃ መስመሩ በእኩለ ሌሊት ከተጨናነቀ ግራፉን ያየ ጀማሪም ይደነግጣል።

የሚያንገበግበኝ ዓይን እያለን መሆኑ ነው። የኅብረቱ ግቢ የአገራችን የሳይበር መሥሪያ ቤት የኢንሳ ኃላፊነት አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን የመረጃ መረብ ደኅንነት ተብሎ ከ1999 ጀምሮ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት፣ ከየዩኒቨርሲቲው የተለቀሙ ልጆች፣ በዚያ ላይ ዶላር ነበረን። ዶላሩ የት ገባ? ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በ2007 ራሱ ተጠልፎ ሰነዱ ሲዘረገፍ፣ ኢንሳ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለው ታየ። በኩባንያው መሣሪያ ከታደኑት መካከል የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ነበሩ። የኩባንያው ሠራተኞች እንኳ የደንበኛቸው አጠቃቀም ዝርክርክ ነው ብለው እርስ በርስ ተማርረዋል።

በዚህ አልተማርንም። ኅዳር 2010 የካናዳው ሲትዝን ላብ ሌላ ገበና ገለጠ፤ አሁን ሻጩ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ነው፣ ማጥመጃው የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ የሚመስል ወጥመድ፣ ታዳኞቹ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን። ሰላዮቹ የሥራ መዝገባቸውን የሚያኖሩበትን ሰርቨር ማንም ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ በርግደው ትተውት ነበር። በኅዳር የሰው ጓሮ ስንገባ ተያዝን፤ በጥር ደግሞ በገዛ ከተማችን ለዓመታት ክፍት የነበረው ጓሮ ወሬ ተሰማ። መካከሉ ሁለት ወር አይሞላም።

በሌላው መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔስ? አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ማሽኖቹ ሁሉ ጠፍተው፣ የስዊቹ አረንጓዴ መብራት ያለ ዕረፍት ሲርገበገብ አየሁ። ባካፕ ይሆናል አልኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። በማግስቱ ኅሊናዬ ቆረቆረኝ፤ የሚወጣውን ትራፊክ የሚመዘግብ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይፈቀድልኝ ብዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ከዚያ “ሸሚዝ የሚሰፋ ቤት ማን ይሰልላል?” አልኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የገዢዎቹ የዋጋ ስምምነትም፣ ገና ገበያ ያልወጣው ዲዛይንም እዚያው ሰርቨር ላይ ነበር።

ጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ፤ ኢንተርኔቱ ለሁለት ዓመት ገደማ ጠፋ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሮይተርስ የአፍሪካ ኅብረት የጥበቃ ካሜራዎች ምስል የቻይና ናቸው ተብለው በተጠረጠሩ ሰርጎ ገቦች ሲመዘበር እንደነበር ዘግቦ ኖሯል። እኔ ያነበብኩት መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ዝርፊያው ከእኩለ ሌሊት ወደ ሥራ ሰዓት ተዛውሮ ከቀኑ ትራፊክ ጋር ተቀላቅሏል። ጥቆማው የመጣው ከጃፓን ነው። ከጃፓን!

ወደ ፋብሪካው ስመለስ የሰርቨር ክፍሉ በር ተገንጥሏል። መደርደሪያው ባዶ፣ ገመዱ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፤ መሳቢያውም ወረቀቱም የሉም። ያ መብራት የዚያን ሌሊት ምን እያስወጣ እንደነበር የሚነግረኝ አንድ መስመር ጽሑፍ የለም። በር ላይ ግን የጥበቃዋ መዝገብ አቧራ ለብሶ ወድቆ አገኘሁት። ገለጥኩት። የልጅቷ ስም፣ ቀኑ፣ ከምሽቱ 12፡10፣ ክር፣ ብዛት 1።