ባሕር ባይኖረን ጉደር አለን!

ክረምቱ አልፎ ፀሐይዋ ፍንትው ስትል የአዲስ አበባ ሰው ወዴት ይሂድ? ባሕር ያላቸው ሰዎች ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ አሸዋው ይወርዳሉ። እኛ ደግሞ ምፅዋና አሰብ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሰው አገር ናቸው። «ላንጋኖ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ! ግን ላንጋኖ መኪናና ጠና ያለ ኪስ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ ይዣችሁ የምሄደው ወደ ምዕራብ ነው፤ ጉደር!

መቼም ጉደር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቀዩ ወይን ጠጅ ነው። አንድ ጠርሙስ ያጋደመ ሁሉ ጉደርን የሚያውቃት ይመስለዋል። ጠጁ የሚጠመቀው እኮ እዚሁ አዲስ አበባ ነው! እውነተኛዋ ጉደር ከአምቦ አለፍ ብላ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ስሟን ከወንዟ ጋር የምትጋራ ትንሽ ከተማ ናት።

መንገዱ ራሱ ሽርሽር ነው። ሆለታን አልፋችሁ፣ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸው ሊያደርጓት አስበው የነበረችውን አዲስ ዓለምን በግራ በቀኝ እያያችሁ ጊንጪ ትደርሳላችሁ። በጥቅምትና በኅዳር የጤፉ ማሳ ሲያዩት ዓይን አያጠግብም። ከዚያ አምቦ፤ በንጉሡ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል የነበረችው። አምቦ ላይ ትንሽ አረፍ ብላችሁ ወደ ጉደር ቀጥሉ።

ፏፏቴው ከከተማዋ ብዙም አይርቅም። እንደ ጢስ ዓባይ ግዙፍ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ደስ የሚለው ቅርበቱ ነው። ቁጭ ባላችሁበት ጠሉ ፊታችሁን ያረሰርሰዋል፤ ድምፁ ደግሞ የሳምንቱን ጭቅጭቅ ሁሉ ያስረሳል። በግንቦት ከሄዳችሁ ግን ውሃው ቀጥኖ «ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው?» ልትሉ ትችላላችሁ። ውሃው ገና ሳይሳሳ ፀሐይዋም የምትገኘው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው።

ስለ ጭቅጭቅ ካነሳሁ አይቀር፣ አንዲት የሁለት ልጆች እናት የነገረችኝን ላጫውታችሁ። ባለቤቷ እሑድ ከጠዋት ጀምሮ የሚገኘው ኳስ ማሳያ ቤት ነው። «ልጆቼ አባታቸውን የሚያውቁት ሲተኛ ነው» ትላለች። ሽርሽር ስትለው መልሱ አንድ ነው፤ «ገንዘብ የት አለና!» ሴትየዋ ጎበዝ ናት። አልተጨቃጨቀችም። የሁለት እሑድ ድራፍቱንና ጥብሱን ደምራ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ለአራት ሰው ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ከነምሳው ሆኖ ተገኘ! ምን ይበል? በጥቅምት መጀመሪያ ጉደር ሄዱ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አባት ሱሪውን ሰብስቦ፣ የስድስት ዓመት ልጁን ይዞ ከፏፏቴው በታች ያለ ድንጋይ ላይ ወጣና እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ። በዚህ መሐል ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከማዶ «በኣ! በኣ!» እያለ መጮህ ጀመረ፤ ውጡ ማለቱ ነው። አባት ቋንቋውን ባይሰማም የልጁ አጯጯህ አስደነገጠው። ልጁን አቅፎ ዳር ወጣ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ውሃው ቀይ አፈር መሰለ፣ ግንድ ይዞ መጣ፣ ተቀምጠውበት የነበረው ድንጋይም አልታይ አለ። የትንሹ ልጅ ጫማ እዚያው ቀረ።

እናንተዬ፣ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ጉደር ወንዝ ውሃውን የሚያመጣው ከላይ ካሉት ደጋማ ተራሮች ነው። እናንተ ፀሐይ እየሞቃችሁ እዚያ ዝናብ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አትዩ፤ ወደ ተራራው ተመልከቱ። የጠራው ውሃ ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ከበዛበት ወይም ድምፁ ከከበደ፣ ዕቃ ልሰብስብ ሳትሉ ሽቅብ ውጡ። ዳር ዳሩን መሮጥ አይሆንም። ፏፏቴው ሥር ዘሎ መግባትማ በጭራሽ! ሥሩ ድንጋይ ነው፣ አዙሪቱም ወደ ታች ይስባል። የሚያሳዝነው፣ ሁለት ቢራ የቀመሰ ጎረምሳ ፍቅረኛው ፊት ጀግና ልሁን ሲል ነው ነገር የሚበላሸው። ሰው በውሃ ሲወሰድ ካያችሁ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ነጠላም ሆነ ገመድ ወርውሩለት፣ የአገሩን ሰው ጥሩ። የሕፃናት እጅ ከእጃችሁ አይውጣ። እርጥቡ ድንጋይ ሳሙና ነው።

መዋኘት ያማረው ሰው አምቦ ፍልውሃ መዋኛ ይሻለዋል፤ ክፍት መሆኑን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። የአምቦን ውሃ የሚያፈላው ጋዝ ከመሬት ሆድ አብሮት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ልጆቻችሁ «ማነው ጋዙን የጨመረበት?» ብለው ከጠየቋችሁ መልሱን ያዙ።

ስንቅ ከቤት ብትይዙ ጥሩ ነው፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የሚጠጣ ውሃ። የወንዙን ለልጆች አታጠጡ። ለዕረፍት ስትቀመጡ ያገራችሁን ሰው «አካም ጅርቱ?» ብላችሁ ሰላም በሉ። አንዲቷ ቃል ብዙ በር ትከፍታለች፤ ወንዙ መቼ እንደሚያስፈራም ከእረኞቹ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

ወንጪ ሐይቅስ የምትሉ አላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ያላት ወንጪ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ግን ከጉደር ጋር በአንድ ቀን አትቀላቅሏት፤ የራሷ ቀንና የራሷ ጋቢ ያስፈልጋታል።

እናትየዋ ስለ ባሏ ምን ትላለች መሰላችሁ? ኳሱን አልተወም፤ ይህን ዋሽቼ አልነግራችሁም። ግን በወር አንዱ እሑድ የቤተሰቡ ሆኗል። «ያን ዕለት ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እጄን አልለቀቀም» አለችኝ።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከሹፌሮች አጣሩ፤ በዚያ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ችግር ስለነበረ «ሰሞኑን እንዴት ነው?» ማለት ነውር የለበትም። አስኮ መናኸሪያ በጠዋት 12 ሰዓት ተገኙ። ከጉደር ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ተነሱ፤ ሲመሽ መኪናው ይሳሳል፣ ዋጋውም ይጨምራል።