ሊዝበን፤ ፈርሳ የተሠራች፣ ግን ያልረሳች ከተማ

ወደ ሊዝበን የሚሄዱ ከሆነ ሻንጣዎ ውስጥ ምቹ ጫማ አይጥፋ። የፖርቱጋል ዋና ከተማ የታጉስ ወንዝ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ሊቀላቀል በተቃረበበት ስፍራ፣ በኮረብታዎች ላይ የተቆረቆረች ናት። መንገዶቿ ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። ሲደክምዎት ቢጫው 28 ቁጥር ትራም አለልዎት፤ ግን መጨናነቅ ስለማይለየው ቦርሳዎን ከፊትዎ ይያዙ።

ጉብኝትዎን ከአልፋማ ሰፈር ይጀምሩ። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ፣ ከተማዋ በሙስሊሞች እጅ ከነበረችበት ዘመን የቀረ ነው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ልብስ በየመስኮቱ ተሰጥቷል፤ ብዙ ግድግዳዎች አዙሌዦ በሚባል ባለ ቀለም ሴራሚክ ተለብጠዋል። ሲመሽ ከትንንሽ ምግብ ቤቶች የፋዶ ዜማ ይሰማል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የመዘገበው ይህ የናፍቆት ዘፈን ትዝታ ለለመደ ጆሮ ባዕድ አይሆንም።

ከአልፋማ ወደ ባይሻ ሲወርዱ ግን ሌላ ከተማ የገቡ ይመስልዎታል። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ሕንጻዎቹም እኩል የተሰለፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲከበር ምድር ተንቀጠቀጠች። የባሕር ማዕበል ተከተለ፤ ከዚያም እሳት ለቀናት ነደደ። በኋላ ማርኪስ ፖምባል የተባሉት የንጉሡ ሚኒስትር ሰፈሩን እንደ አዲስ አሠሩት። በየግድግዳው ውስጥ፣ መሬት ሲናወጥ አብሮ የሚወዛወዝ የእንጨት ማዕቀፍ ተደረገ። ጥንካሬው የተፈተነው ወታደሮች በዙሪያው መሬቱን እየረገጡ ነው ይባላል።

ከባይሻ በላይ ያለው የካርሞ ቤተ ክርስቲያን ግን ዛሬም ጣሪያ የለውም። እድሳቱ ተጀምሮ ቆመ፤ በኋላም ፍርስራሹ እንዳለ እንዲጠበቅ ተደረገ። ቅስቶቹ ከሰማይ በታች ባዶአቸውን ቆመዋል።

በመጨረሻም በወንዙ ዳር ወደ ቤሌም ይዝለቁ። እዚያ ቀረፋ የተነሰነሰበትን ትኩስ የእንቁላል ክሬም ኬክ ሳይቀምሱ አይመለሱ። ቤሌም የእኛም ታሪክ አለበት። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ አባ ጸጋ ዘአብ እ.ኤ.አ. በ1527 ሊዝበን ሲገቡ የቤሌም ግንብ ተሠርቶ ካለቀ ጥቂት ዓመታት ብቻ ሆኖት ነበር። በከተማዋ ለዓመታት ቆይተዋል፤ ስለ ኢትዮጵያውያን እምነት የጻፉትም በ1540 በላቲን ታትሟል።

ዛሬ ተመልሰው ቢመጡ በወንዙ ዳር የነበረውን ቤተ መንግሥት አያገኙትም፤ ቦታው ሰፊ አደባባይ ሆኗል። የቤሌምን ግንብ ግን ወዲያው ይለዩታል። ካርሞ ሲደርሱም «ጣሪያው የት ሄደ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል።

ልጆችዎን ይዘው ከሄዱ ይህንኑ መጠየቃቸው አይቀርም። አይቸኩሉ፤ እዚያው ድንጋዩ ላይ አረፍ ብለው ታሪኩን ይንገሯቸው። ጣሪያው ያልተመለሰው ቢመለስ ኖሮ፣ ማን ይጠይቅ ነበር?