የሻወሩ ወንፊት

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ኩርሙክ ውስጥ ያረፍኩበት ቤት ሻወር ከሥሩ ከቆመው ሰው ይልቅ በሩ ላይ የተሰቀለውን ፎጣ ያጥብ ነበር። ከወንፊቱ ቀዳዳዎች ገሚሱ ተደፍኗል። ከቀሩት አንዱ ወደ ጣሪያው፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ወደ ዐይን ይረጫል፤ መሐሉ ደረቅ ነው። አሶሳ ቢሆን ኖሮ ችላ እለው ነበር። ኩርሙክ ግን ቆላ ናት። ቀኑን በስደተኞች መሸጋገሪያ ጣቢያ፣ በአቧራ መካከል ስም ሲመዘግብ ለዋለ ሰው ማታ የምትጠብቀው ውኃ ቀላል ነገር አይደለችም።

ሚስማር ፈልጌ ቀዳዳውን ልጎረጉር ስል የግቢው ጠባቂ አዛውንት አዩኝ።

«ተው ልጄ፤ ሚስማር ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከሰፋ በኋላ ማን ያጠበዋል?»

የደፈነው ነገር ቆሻሻ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። ሻይ የሚፈላበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሁሉ ያንን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ዝናብ መሬት ውስጥ ሲሰርግ ከአፈሩ አየር ጥቂት አሲድነት ያገኛል፤ በዚያ አቅሙ ኖራማውን ድንጋይ እየላሰ ይሟሟዋል። ውኃው ከጉድጓድ ወጥቶ ወንፊቱ ከንፈር ላይ ሲደርቅ የተሸከመውን ድንጋይ ትቶ ይሄዳል። አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ የሕንፃ ወለል የሚሆነው የቤንሻንጉል እብነ በረድም በመሠረቱ ይኸው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አንዱ ይወለወላል፤ አንዱ ሻወር ይዘጋል።

ሥራዬን ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ከንቱ ነገር አደረግሁ። የድካሜ ውጤት በቁጥር እንዲመሰከርልኝ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሻወሩ ሥር አስቀምጬ ሰዓት ያዝኩ። ሰባት ደቂቃ ፈጀ።

ከዚያ ወንፊቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ ፈታሁት። ጨርቁ ካልተደረገ ፒንሳው ልባጡን ይልጠዋል። አዛውንቱ ከሱቅ አቼቶ አመጡልኝ፤ በፕላስቲክ ኩባያ ዘፍዝፈን አሳደርነው። ገና እንደገባ እንደ አምቦ ውኃ አረፋ ማውጣት ጀመረ። አረፋውም በእርግጥ ያው የአምቦ ውኃ ጋዝ ነው፤ ድንጋዩ በአሲዱ ሲፈርስ የሚለቀው። ጠዋት ቅርፊቱ ላልቶ ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት፤ እምቢ ያሉትን በስፌት መርፌ ጫፍ ቀስ ብዬ ነካሁ። ወንፊቱን ከመመለሴ በፊት ቧንቧውን ለአፍታ ከፍቼ የተጠራቀመውን አሸዋ አስወጣሁ፤ ይህን የዘለለ ሰው አሸዋውን መልሶ ቀዳዳ ውስጥ ይከታል። ጎማዋን በቦታዋ አድርጌ፣ ጥርሱን በቴፍሎን ጠቅልዬ አሰርኩት።

ውኃው ቀጥ ብሎ፣ እኩል ሆኖ ወረደ። ጀሪካኑን መልሼ አስቀመጥሁ፤ በአራት ደቂቃ ሞላ።

ሮጬ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። ቀና ብለው ጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ አዩ።

«ጎበዝ፤ እጅህ ይባረክ። ሮቶው ግን አልሰፋም።»

አፈርሁ። የማፍረው እኔ ከማንም ይልቅ ነበር። በስደተኞች ጣቢያ ለአንድ ሰው በቀን እንዲደርስ የሚታቀደው ውኃ 20 ሊትር ነው፤ በአስቸኳይ ጊዜ ወደ 15 ይወርዳል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚያች ከተማ በኩል ለገቡት ሰዎች ይህን ቁጥር ቅጽ ላይ ስሞላ የኖርኩ ነኝ። ጀሪካን ለእኔ ሰው ማለት ነው። ሆኖም ሰባቱን ደቂቃ ወደ አራት ማውረዴን እንደ ድል ቆጠርኩት። ስምንት ደቂቃ ብታጠብ ሁለት ሰው ማለት ነው፤ ቀድሞ ግን አንድ ሰው ከጥቂት ነበር። ተደፍኖ ሳለ ሻወሩ ሳላውቀው ይቆጥብልኝ ኖሯል።

አዛውንቱ ይህን ሒሳብ በቅጽ አልተማሩትም። በ1980 ዓ.ም. ከድንበሩ ወዲያ ያለችው ኩርሙክ በአማፅያን እጅ ስትወድቅ ተሻግረው የመጡ ናቸው። በዚህ ግቢም ፓምፑ በቆመ ቁጥር አህያ ጭነው ያንን ሮቶ የሚሞሉት እርሳቸው ናቸው፤ ስንት ጀሪካን እንደሚፈልግ በትከሻቸው ያውቁታል። አልተቆጡኝም፤ ሻይ ጋበዙኝ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን በትንሹ ብቻ ከፍቼ እታጠብ ጀመር። ቅጥነቱ የድሮው ነው፤ ቢያንስ ግን ፎጣዬ አይርስም፣ ውኃውም የሚወርደው በሰው ላይ ነው። ሳሙና ስቀባ ደግሞ እዘጋለሁ።

ኩባያው ውስጥ አቼቶ ተርፎ ስለነበር፣ የቀሩትን አራት ክፍሎች ወንፊትም ልጥረግላቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣

«ዝናቡ እስኪገባ ይቆይ» አሉኝ።