አረም በበዛበት ባሕር ስለሚጣል መንጠቆ

የካቺሲ ተወላጅ ስለ ዓሣ ማጥመድ ሊጽፍ ሲነሣ አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። አገራችን የእህልና የከብት አገር ነው፤ ዓሣ አጥማጅም በእኛ ዘንድ ከሥራ ፈት ብዙ አይለይም። ይሁን እንጂ ከከተማችን በስተ ሰሜን ምድሩ ተቈርጦ ወደ ዓባይ ቈላ ይወርዳል፤ እኔም በልጅነቴ አጎቴን እየተከተልሁ በዚያ ቍልቍለት ወርጄ፥ ወደ ዓባይ ከሚገቡት ወንዞች ዳር መንጠቆ መጣል ተምሬአለሁ። በኦሮምኛ ቁርጡሚ የምንለውን ዓሣ ይዘን ማታ ስንመለስ አክስቴ ድስቷን አታስነካንም ነበርና በደጅ በፍም ላይ ጠብሰን እንበላው ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ አጎቴ ግን በጾም ቀን ወንዝ ወርዶ አያውቅም።

አጎቴ ያስተማረኝ ጥበብ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነበር፤ «ክርህን አቅጥን» ይለኝ ነበር። ምክንያቱም በበጋ ወንዙ ጠርቶ የታችኛው ድንጋይ አንድ በአንድ ሲቈጠር፥ ዓሣ ወፍራም ገመድ ካየ አይቀርብም። ክሩ ሲቀጥን ደግሞ ዓሣው በጐተተ ጊዜ ይለቁለታል፥ በደከመ ጊዜ ይስቡታል፤ እንዲህ እያደረጉ በጥቂት በጥቂቱ ወደ አሸዋው ያመጡታል። ወንዙ ድንጋይና አሸዋ ነውና ክሩን የሚይዘው ነገር እምብዛም የለም። ከአንድ ስፍራ በቀር፤ ወንዙ በሚጠማዘዝበት ሸምበቆ በበቀለበት ጥግ አጎቴ በጐልማሳነቱ አንድ ትልቅ ዓሣ ይዞ ነበር። ዓሣው ወደ ሸምበቆው ገብቶ ክሩን በጥሶ አመለጠው። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ይነግረን ነበር፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጎበዝ ዓሣ ነበር፤ ዛሬም እዚያው አለ» ይላል። እኛ ልጆቹም በዚያ ጥግ ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር።

ይህን ትምህርት ከአርባ ዓመት በላይ ይዤው ኖርሁ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ለዘመድ ሠርግ ወደ ባሕር ዳር የምሄድበት ጉዳይ ገጠመኝ። ከቈላችን ግርጌ የሚያልፈው ዓባይ ከጣና ባሕር የወጣ ውኃ ነው፤ ውኃው በራሱ መንገድ ወርዶ እኛ ዘንድ ሲደርስ፥ እኔ ግን ወደ መውጫው ለመሄድ በአምቦ አድርጌ አዲስ አበባ ገብቼ፥ ከዚያም ዓባይን ተሻግሬ ጎጃምን ማቋረጥ ነበረብኝ። በአዲስ አበባ ሳልፍ አንድ ረዥም የማጥመጃ ዘንግ ከነክር ማጠንጠኛው፥ አምስት ኪሎ የሚችል እንደ ፀጉር የቀጠነ የናይሎን ክርም ገዛሁ። ክሩን በጣቴ ስዳስሰው አጎቴ ቢያየው ደስ ይለው ነበር ብዬ አሰብሁ።

ጣና ወደ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ባሕር ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም። ዳር ዳሩን ደንገልና ፊላ ለብሶታል፤ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ እምቦጭ የተባለው ባዕድ አረም ተንሳፎበታል። አረም ለዓሣ እንደ ከተማ ነው። ጫጩቱ ይሸሸግበታል፤ ቀረሶ በዳሩ በጥልቅ ባልሆነው ውኃ ጎጆውን ይቈፍራል፤ አምባዛ በጭቃው ይሳባል፤ ትንሹን ዓሣ የሚበላው ነጭ ዓሣም እነዚህን ፍለጋ ወደ ዳር ይመጣል። እንግዲህ ዓሣ ባለበት ለማጥመድ የፈለገ ሰው ከአረሙ ጋር መታገሉ የማይቀር ነው።

በሠርጉ ማግስት ዘመዶቼ ከአንድ ሸምገል ካሉ አጥማጅ ጋር አገናኙኝ። እኔም እንደ አገሩ ልማድ «አያ» እያልሁ ጠራኋቸው። ታንኳቸው ከደንገል የታሰረ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳልና ማታ ማታ ከባሕር አውጥተው አቁመው ያደርቁታል። ዕቃቸው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ከቁመታቸው እምብዛም የማይበልጥ ወፍራም የቀርከሃ ዘንግ፥ የተገመደ ጠንካራ ገመድ፥ አንድ ቍራጭ እርሳስ ያለበት ትልቅ መንጠቆ። የእኔን ክር በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ፀሐይ አንሥተው ተመለከቱትና፥

«ጌታው፥ ይህ ክር ቍልፍ ሊተክሉበት ነው?» አሉኝ።

እኔም ስቄ ዓሣ እንዳያየው ነው ብዬ የአጎቴን ትምህርት አስረዳኋቸው። እርሳቸውም ወደ ደፈረሰው ውኃ ተመልክተው ምንም አልመለሱልኝም።

ፀሐይ ሳትበረታ በደንገሉ ጥግ ቆመን መንጠቆዬን ጣልሁ። ጥቂት ቆይቶ ክሬ በኃይል ተሳበ። እንደ ተማርሁትም ለቀቅሁለት። ዓሣውም የለቀቅሁለትን ሁሉ ይዞ በቀጥታ ወደ ደንገሉ ውስጥ ገባ። ልስበው ብሞክር ክሩ እንደ ግንብ ቆመ፤ ደግሜ ብስብ ጠቅ ብሎ ተበጠሰ። እኔም ዘንጌን አስቀምጬ «አመለጠ! ጎበዝ ዓሣ ነው» አልሁ። ስናገረው ቃሉ የአጎቴ መሆኑ ታወቀኝ።

አያ መቅዘፊያቸውን እያነሡ «አላመለጠም» አሉ።

ነገሩን የተረዳሁት በማግስቱ ነው። በዚያው ስፍራ ስናልፍ ታንኳውን ወደ ደንገሉ አስጠግተው በእጃቸው ግንዱን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ዓሣው እዚያ ነበረ። ክንዴን የሚያህል ነጭ ዓሣ ነው፤ ክሬ በደንገሉ ግንድ ላይ ሦስት ዙር፥ በስንጥቡ ላይ ደግሞ አንድ ዙር ተጠምጥሞ አስሮታል፤ ሞቶ ሆዱ ወደ ላይ ተገልብጦአል፤ አንዱን ዓይኑን ወፍ በልቶታል። አያ መንጠቆውን ከአፉ ነቅለው በመዳፌ ላይ አኖሩልኝና «ንብረትዎን ይያዙ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ የተግሣጽ ቃል አልተናገሩኝም።

ይህ ዓሣ ተራ ዓሣ ቢሆን እንኳ ነገሩ ያሳፍር ነበር። የጣና ነጭ ዓሣ ግን አንድ ወገን አይደለም፤ ሊቃውንት መርምረው ብዙ ዓይነት እንደ ሆነ፥ ከእነዚህም የሚበዛው ከጣና በቀር በሌላ ባሕር እንደማይገኝ ጽፈዋል። አያሌው በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣል፤ መረብ የሚጠብቀውም በዚያ በወንዞቹ አፍ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ባለ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ባሕሩ ገባ፤ ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መጉደሉ ተመዝግቦአል። የእኔ አንድ ዓሣ በዚህ ሒሳብ ውስጥ እንደማትቈጠር አውቃለሁ። ነገር ግን መረብ የጣለው ሰው ዓሣውን ለልጆቹ አብልቶአል ወይም ሸጦአል፤ እኔ ግን በትምህርቴ ተመክቼ ያለ ጥቅም አስሬ ገደልሁት።

በቀሩት ሦስት ቀናት ከአያ የተማርሁትን፥ ለሚያስፈልገው ሰው እንዲደርስ፥ እነሆ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ክሩ ነው። አረም ባለበት ስፍራ ውኃው የደፈረሰና የጠለለ ስለ ሆነ ዓሣው ክሩን መርምሮ የሚያይበት ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ክሩን ማቅጠን ጥቅም የለውም። ሃያ ኪሎ የሚችል የተገመደ ክር ቢሆን ይመረጣል፤ የተገመደው ክር እንደ ናይሎን አይለጠጥምና ዓሣው መንጠቆውን በያዘበት ቅጽበት ኃይላችን ይደርሰዋል፤ የለሰለሰውንም የአረም ግንድ ይቈርጠዋል። ዘንጉ አጭርና ደንዳና ይሁን፤ ረዥምና ተጣጣፊ ዘንግ ለወንዝ መልካም ሲሆን በደንገል መካከል ግን ዓሣውን ለመመለስ አቅም ያጣል። መንጠቆው ከታንኳው አጠገብ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ሩቅ አይወረወርም። ዓሣውም በያዘ ጊዜ አንዲት ክንድ እንኳ አይለቀቅለትም፤ ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ላይ ማውጣት ነው። አያ ይህን ሲያስተምሩኝ «መጀመሪያ ወደ አየር፥ ኋላ ወደ ታንኳ» ይሉኝ ነበር።

ስለ መንጠቆውም ትልቅ ነገር አለ። ስለቱ የተራቈተ መንጠቆ ከዓሣው በፊት አረሙን ይይዛል። ስለዚህ አያ ስለቱን በማባበያው ሥጋ ውስጥ ሰክተው ይሸሽጉታል፤ ዓሣው ሲነክሰውና ዘንጉ ሲነሣ ብቻ ስለቱ ሥጋውን በስቶ ይወጣል። በወንጌል መረብ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ መንጠቆ፥ በመጽሐፍ ቋንቋ መቃጥን የሚባለው፥ የተነሣው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጴጥሮስ የግብሩን ገንዘብ ከዓሣ አፍ እንዲያወጣ በተላከ ጊዜ ነው። ስለ ክሩ ውፍረት ወንጌላዊው ያለው ነገር የለም።

ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ይህን ሁሉ በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት ለሚኖር የእኅቴ ልጅ ጻፍሁለት። እርሱም እዚያ አረም ባለበት ባሕር ባስ የሚባል አፈ ሰፊ ዓሣ እንደሚጠመድ መለሰልኝ፤ ዓሣው በአረም ሥር አድፍጦ ትንሹን ዓሣና እንቁራሪቱን የሚነጥቅ ነው። በዚያው በጆርጂያ በ1932 ዓ.ም. ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው ሞንትጎመሪ ከሚባለው ባሕር ያወጣው ባስ አሥር ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. በጃፓን ቢዋ በሚባለው ባሕር አቻው እስኪወጣ ድረስ የሚስተካከለው አልተገኘም። ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ፥ ደንገል ወደ ከበበው ወደ ናይቫሻ ባሕርም ይህ ዓሣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ተወስዶአል። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። እኔን ያስገረመኝ ግን የዓሣው ክብደት አይደለም፤ የዚያ አገር ሰዎች በብዙ ገንዘብና በብዙ ፋብሪካ የደረሱበት ነገር አያ በታንኳቸው ላይ ከያዙት ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ የተገመደ ክር፥ ደንዳና ዘንግ፥ ለስላሳ ጎማ ውስጥ ስለቱ የተሸሸገ መንጠቆ።

የእኅቴ ልጅ ከደብዳቤው ጋር አንዲት የጎማ እንቁራሪት ላከልኝ፤ ሁለቱ መንጠቆዎቿ በጀርባዋ ላይ ተኝተዋልና በአረም ላይ ብትጐተት ምንም አትይዝም። በግንቦት ተመልሼ ወደ ጣና በሄድሁ ጊዜ ሞከርኋት። የሚበላው በአብዛኛው የውኃ ሽበት ነውና ቀረሶ ዘወር ብሎም አላያት፤ በዳር የቆሙት ልጆች ግን እጅግ ሳቁባት። አሁን በቤቴ መስኮት ላይ ተቀምጣለች።

በዚያው ጕዞ ወደ ምሥራቁ ዳር ወጥተን እምቦጩን አየሁ። ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን በጣና መኖሩ በይፋ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው፤ አበባው ሐምራዊ ነው፥ ለዓይንም ያምራል። እንደ ደንገል በመሬት ሥር አይሰድድም፤ ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል። ትናንት ክፍት የነበረው ውኃ ዛሬ ይዘጋል፤ መንገድ አገኘሁ ያለ ታንኳ መመለሻ ያጣል። በመካከሉ መንጠቆ የሚጥል ሰው ከባድ እርሳስ ያስፈልገዋል፤ እርሳሱ አረሙን በስቶ እንዲወርድ ነው። ነገር ግን አያ በእምቦጭ መካከል ማጥመድን አይወዱም። ከምንጣፉ በታች ብርሃን የለም፥ አየሩም ያንሳል፤ ዓሣው የሚገኘው በዳርቻው ነው ይላሉ። እኛም በዳርቻው ቆመን አንድ ነጭ ዓሣ በወፍራሙ ክር ያዝሁ። ፋታ አልሰጠሁትም፤ ራሱን ቀና አድርጌ አወጣሁት። አያ ክሩን ዳስሰው «አሁን ቍልፍ አይተከልበትም» አሉ። ማታ በሚጥሚጣ ጠብሰን በላነው።

ካቺሲ ስመለስ አጎቴን ልጠይቅ ገባሁ። ዓይኑ ደክሞአል፤ ጣቶቹ ግን አልደከሙም። ወፍራሙን ክር በእጁ ሰጠሁት። «በዚህ በሬ ይታሰራል እንጂ ዓሣ ይያዝበታል?» አለኝ። እኔም ስለ ደንገሉ፥ ስለ ክሬ መበጠስ፥ በማግስቱም በግንዱ መካከል ስላገኘነው ነጭ ዓሣ አንድም ሳላስቀር ነገርሁት። እስክጨርስ ድረስ ጸጥ ብሎ ሰማኝ።

ከዚያም «እንግዲያ ያ የእኔ ዓሣ?» አለኝ።

ምን እንደምመልስለት አጣሁ። የወንዝ ውኃ ይወርዳል፥ እንደ ባሕር አይቆምም፤ ክሩንም ፈትቶለት ይሆናል አልሁት። እርሱም የወፍራሙን ክር ጫፍ በጣቱ ላይ እየጠመጠመና እየፈታ ብዙ ቆየ። «ዛሬም እዚያው አለ» ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለም።