የልብን በር አስቀድሞ መለካት

የዚህ ወር ርእሳችን የሐኪሞች ብቻ ቢመስልም የየቤታችን ጉዳይ ነው።

በጋምቤላ ከተማ መሃል፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከጎረቤቶቻችን ጋር ስንጨዋወት የልብን አምሳያ ስለሚያትመው ማሽን አነሣን። «የአላህን ፍጥረት ሊቀዱ ነው?» አሉ አንድ አባት። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በውጭ አገር ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሐኪሞች የታማሚውን ልብ በሲቲ ስካን ያነሣሉ፤ ማሽኑም ፕላስቲክ ወይም ጎማ መሰል ነገር በስሱ እየደራረበ የዚያኑ ሰው ልብ ቅርጽ ያወጣል። ሐኪሙ በዚህ አምሳያ ላይ የአዲሱን ቫልቭ መጠን ይለካል፤ የደም መውጫውን እንዳይዘጋም አስቀድሞ ይሞክራል። ይህ መፍጠር ሳይሆን ፍጥረቱን ማስተንተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1288 ያረፈው ሙስሊሙ ሐኪም ኢብኑ ነፊስም ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ ጽፎልናል።

በአገራችን ብዙ ወጣቶች ቫልቫቸው የሚበላሸው በልጅነት ከያዛቸው የጉሮሮ ሕመም በመነሣት ነው። በባክቴሪያ የመጣው ሕመም በወቅቱ ካልታከመ ሰውነት የገዛ ልቡን ሊያጠቃ ይችላል። እኛ መምህራን ጉሮሮውን ያመመው ልጅ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ተቆርጦ ሲመጣ አይተናል። እንጥል መቁረጥ ልብን አይጠብቅም፤ በሐኪም የታዘዘ ፔኒሲሊን ግን ይጠብቃል። ሕመሙ ልቡን የነካው ልጅም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን መርፌ ማቋረጥ የለበትም።

ቫልቩ መቀየር ካለበትስ? ሰው ሠራሹ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትና ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር ጽንስም ያሰጋል። ከእንስሳ የሚሠራው ይህን ሸክም ያቀላል፤ በወጣት ገላ ላይ ግን ቶሎ ያረጃል። «ከአሳማ ነው» ሲባል የሚደነግጡም አሉ። ከከብት የሚሠራም አለና አስቀድመን እንጠይቅ። ሌላ ከታጣና ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ግን ዲናችን ለተገደደ ሰው በር አልዘጋም፤ ዑለማዎችን አማክረን እንወስን።

ማሽኑ ልኩን ያሳያል፤ ምርጫው ግን የቤተሰብ ምክክር ይሻል። መታከም የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ ነው፤ ሺፋእ ግን ከአላህ ነው። የልጆቻችንን ልብ እርሱ ይጠብቅልን። አሚን!